የአባቴን ፔጆ ስቲከር ሳለብስ

ከእጅ ሥራ ጋር ተጣልቼ ነው የተፈጠርኩት። ሚስማር ስመታ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የሚሰበሰበውም ሊያግዘኝ ሳይሆን ጣቴን ሊያስርልኝ ነው። በማስተምርበት ቡታጅራ ያከራዩኝ ሴትዮ አምፖል ሲቃጠል፣ «መምህር፣ እባክህ አትንካው፤ ሰው እስኪመጣ በሻማ ተቀመጥ» ይሉኛል። «ሰው» ሲሉ እኔን እንዳልጨመሩኝ ልብ በሉልኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለሁት ሰውዬ ነኝ አንድ ክረምት ወልቂጤ ላይ ተነስቼ፣ የሟች አባቴን መኪና ውስጧን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስቲከር አለብሳታለሁ ያልኩት።

የምን ስቲከር እንዳትሉኝ። ያ በጥቅል የሚሸጠው፣ ጀርባው ሙጫ የሆነው፣ ከወረቀቱ ልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ቁምሳጥን ላይ የምትለጥፉት ነው። በዚያን ሰሞን ወልቂጤ ውስጥ ስቲከር ያልለበሰ ዕቃ ማግኘት ከባድ ነበር። ፍሪጅ ያለው ፍሪጁን፣ የሌለው ሳጥኑን ያለብሳል። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ግድግዳው እብነ በረድ፣ ጠረጴዛው እብነ በረድ፣ ባንኮኒው እብነ በረድ ሆኖብኝ፣ መቃብር ቤት የገባሁ መስሎኝ ክትፎዬን ትቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። መኪና ውስጥ ግን የለጠፈ አላየሁም። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ የመጨረሻውም እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ እንደ ሰፈራችን ሰው «ልጁ ነካ አድርጎታል» ትላላችሁ።

አባዬ የሞተው በዚያ ዓመት በፋሲካ ማግስት ነው። ወልቂጤ ገበያው ዳር ቁልፍ፣ ማጠፊያና ሚስማር የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። (ሚስማር ነጋዴ ሆኖ እኔን መውለዱ የእግዜር ሥራ ነው።) ከሱቁ ሌላ ደግሞ አንዲት ነጭ ፔጆ ነበረችው። ነጭ የምላት በአክብሮት ነው። አባዬና እማዬ ያለ ፔጆዋ፣ ፔጆዋም ያለ ሁለቱ አትታይም። ገበያ አብረው፣ ቸርች አብረው፣ ለቅሶ አብረው። ከመኪናው ወርደውም ክንዷን ይዟት ነው የሚሄደው። በኛ አገር ደግሞ የሚስቱን ክንድ ይዞ ገበያ የሚያቋርጥ ሽማግሌ ሲታይ ሰው ዝም አይልም። «ጋሽ ወልዴ ዛሬም ሙሽራ ነው!» ይሉታል። እሱም፣ «ምን ላድርግ፣ ብለቃት ትጠፋብኛለች» ብሎ ይስቃል። እኛ ልጆቹ እናፍር ነበር።

እሱ ከሞተ ወዲህ እማዬ ከግቢ አልወጣችም። ለቅሶው እስኪያልፍ ነው ብለን ጠበቅን። ሰኔ መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እኔም ክረምቱን ከእሷ ጋር ላሳልፍ ከቡታጅራ መጣሁ። አልወጣችም። ገበያ በሰው ትልካለች። የቸርች እህቶች እየመጡ ቤት ውስጥ ይጸልዩላታል። «አዶት፣ እሁድ ነይ እንጂ፣ ጉባኤው ናፍቆሻል» ይሏታል። አዶት በጉራግኛ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲያ ነው። «እስቲ፣ ጌታ ሲፈቅድ» ትላለች። ጌታ ክረምቱን ሙሉ ሳይፈቅድ ቀረ።

ቤት ውስጥ ግን ምንም አልሆነችም። ታበስላለች፣ ትጠርጋለች፣ ቆጮዋን ትጋግራለች። አንድ ጠዋት ብቻ ሻዬ ውስጥ ስኳር መስሏት ጨው ጨመረችበት። ሐዘን ነው ብዬ፣ እንዳትሸማቀቅብኝ ብዬ፣ እስከ ሥሩ ጠጣሁት። «ልጨምርልህ?» አለችኝ። «ጨምሪልኝ» አልኩ። እንዲህ ያለሁ ጅል ነኝ።

ታላቅ እህቴ አስናቀች አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከላይኛው ፎቅ ላይ ወጥታለች። ነሐሴ ሲጋመስ ደወለችልኝ።

«ስማኝ» አለች፤ አስናቀች ሰላምታ ቀረጥ የሚከፈልበት ይመስል ወደ ነገሯ ነው የምትገባው። «አንተ ከመስቀል በኋላ ወደ ሥራህ ነህ። እሷ ደግሞ ብቻዋን ቤት ውስጥ ተቆልፋ ልትሞት ነው። እስከ መስቀል እንይ። ከቤት መውጣት፣ ከሰው መቀላቀል ከጀመረች ትኑር። ካልሆነ ግን መስቀልን አብረን በልተን ይዣት እመጣለሁ። ቤቱንም እንቆልፈዋለን።»

ይህን ለእማዬ ስነግራት፣ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠችና የቤቷን ግድግዳ እየነካካች ከጓዳ እስከ በር፣ ከበር እስከ መኝታዋ ሄደች። «እኔ እዚሁ ነው የምሞተው» አለች መጨረሻ ላይ። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ፔጆዋን አስነስቼ እስከ ደጃፉ አስጠጋኋት። «ነይ እማዬ፣ ቸርች ላድርስሽ» አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ደስ አለኝ። የመኪናውን በር ከፈተች። እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፣ ወደ አባዬ ወንበር በኩል። እጇ እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ መለሰችው። «አልችልም ልጄ፣ ተወኝ» አለችና ወደ ቤት ተመለሰች።

እኔ ደግሞ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ምክንያቱን ስፈልግ አገኘሁት፤ ያገኘሁት መሰለኝ። አባዬ ነው! አባዬ ራሱ ነው ውስጥ የተቀመጠው! ወንበሩ በእሱ ልክ ጎድጉዷል። መሪው እጁ በሚያርፍበት በኩል አብረቅርቋል። ዳሽቦርዱ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ ስንጥቁ ላይ ሁሉ የእሱ ጣት ዞሮበታል። ምስኪን፣ ይህን ሁሉ እያየች እንዴት ትግባ? እንግዲያው መፍትሔው ይህን ሁሉ ከዓይኗ መሸፈን ነው አልኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል በብልህነቴ ስደነቅ ከረምኩ።

እራት ላይ ነገርኳት። «ውስጧን ሰማያዊ ስቲከር አለብሳታለሁ። አዲስ ትሆናለች። ያኔ እንሄዳለን።»

«ሰማያዊ ጥሩ ነው» አለች እማዬ። «አንተ ግን ጣትህን እንዳትቆርጥ።»

ስቲከር የሚሸጠው ሽኩር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ገና ከሱቁ ደጃፍ ሲያየኝ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም መምህር! ዛሬ ምን ልታበላሽ ነው?» አለኝ።

«የመኪና ውስጥ ላለብስ ነው። ሰማያዊ ስጠኝ።»

«ማነው የሚለጥፈው?»

«እኔ።»

«የማንን መኪና?»

«የአባዬን።»

ሳቁን ዋጥ አደረገው። አባዬን ይወደው ነበር። «ሰማያዊ አልቋል» አለ መደርደሪያውን እያየ። «ያለኝ የእንጨት መልክና ባለ አበባ ነው።»

«እንጨቱ የሬሳ ሳጥን አያስመስላትም?»

«አበባውስ የቀብር ጉንጉን አያስመስላትም?»

ተያየን። እንጨቱን ወሰድኩ።

እንዴት እንደሚለጠፍ በደንብ አስተምሮኛል፤ ኋላ እንዳይወቀስ ይህን ልመስክርለት። ውሃ ላይ ጥቂት ሳሙና፣ ረጨት፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር በጨርቅ እየገፉ አየሩን ማስወጣት። በቃ። ሲናገሩት ልጅም ይለጥፈዋል። ቤት ሄጄ የመጀመሪያውን ቁራጭ ከወረቀቱ ስልጠው ግን ስቲከሩ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እኔ መጣ። ክንዴ ላይ ተለጠፈ። ከክንዴ ሳላቅቀው ራሱ ላይ ተለጠፈ። ራሱን ከራሱ ላላቅቅ ስታገል በክርኔ ክላክሱን ተደግፌዋለሁ ለካ፤ የሰፈሩ ሰው ሠርግ መጣ ብሎ ወጣ። ወጥቶ ያገኘው እኔን ነው፣ ጉንጬ ላይ የዋንዛ መልክ ያለው ቁራጭ ተለጥፎ።

የበሮቹን እንደ ምንም ተወጣሁት። አረፋው በዝቷል እንጂ ይዟል። ዳሽቦርዱ ነው ጉዴን ያፈላው። ስለጥፈው ይይዛል፣ ዞር ስል ይላቀቃል። ስጫነው እሺ ይላል፣ እጄን ሳነሳ ጫፉ ቀስ ብሎ ይነሳና ያየኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሞኙ እኔ አልለቀቅኩም፤ ወረቀቱ ግን አሻፈረኝ አለ።

ሽኩርን ጠራሁት። መጥቶ ዳሽቦርዱን በጣቱ ጠረግ አደረገና አሸተተው።

«ቅቤ ነው» አለኝ።

«የምን ቅቤ?»

«የላም ቅቤ ነዋ። የምን ቅቤ ይላል እንዴ!»

ያኔ ትዝ አለኝ። አባዬ በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ፣ ለክትፎው ቅቤ ሲነጠር ከለጋው መዳፉን ሙሉ ዘግኖ ወደ መኪናው ይሄድ ነበር። «መስቀል ለሰው ብቻ ነው እንዴ? እሷስ ዓመቱን ሙሉ ስትለፋ አልከረመችም?» እያለ ዳሽቦርዱን፣ መሪውን፣ የበሩን እጀታ ያሻት ነበር። ቆዳ ቅቤ ይወዳል ይላል። ቆዳ እንዳልሆነ ስንት ጊዜ ነገርነው። «እንዳትሰማህ» ይለኛል። ያ የስንት መስቀል ቅቤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ ሙጫ ደግሞ ቅቤን አይችልም።

በኦሞ አጠብኩት። በነጭ ጋዝ አሸሁት። ላዩ ይደርቅና ከስንጥቁ ውስጥ ሌላ ይወጣል። ሽኩር ደግሞ «ሙቀት ነው የሚያደርቀው» አለ፤ ይህቺን ምክሩን ይቅር አልለውም። ጎረቤታችን ጸጉር ቤት ያላት ልጅ የጸጉር ማድረቂያዋን አዋሰችኝ። ገመድ በአጥር አሻግሬ፣ ዳሽቦርዱን እንደ ሙሽራ ጸጉር ማድረቅ ጀመርኩ። ቅቤው ቀለጠ። ፔጆዋ ክትፎ ክትፎ መሽተት ጀመረች። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፎ ምራቁን ይውጣል። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። መብራት በዚያን ጊዜ በፈረቃ ስለነበር በራሱ ሰዓት ነው የጠፋው፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ እኔ ያጠፋሁት ነው የሚለው።

በመጨረሻ ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ ገዝቼ፣ ዳሽቦርዱን እሱን ቀብቼ ለጠፍኩበት። ይህን ጊዜ ያዘ። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት ካለችው ጫፍ በቀር ሁሉም ያዘ። የማስቲሹ ሽታ ቅቤውን አጠፋው፤ እኔንም አሰከረኝና ራሴን ይዤ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቱ ለምርቃት ተሰበሰበ። ያን ዘመን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ግምገማ ሳያካሂድ እንጀራ አይቆርስም። ከጎንደር መጥተው እዚሁ ወልቂጤ ያረጁት የወረዳ ሠራተኛ ጋሽ መንገሻ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው አረፋውን ሁሉ ካዩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ከጠንካራ ጎኑ ስንነሳ» አሉ፣ «መኪናዋ አሁንም መኪና ናት። ደካማ ጎኑን በሌላ ቀን እናያለን፤ ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል።»

እኔም እንደ ደንቡ ግለ ሂሴን አቀረብኩ። ሁሉም ሳቀ። ሽኩርም መቀሱን በኪሱ ሰክቶ አብሮ ይስቃል። ከዚያ እማዬን ላመጣ ገባሁ።

ለብሳ ጠበቀችኝ። «ለድካምህ ስል ነው» አለች። ክንዷን ያዝኳት። ክንዷን ስይዛት ደግሞ ምንም ሳታንገራግር አብራኝ መጣች፤ በሩን አለፈች፣ ደረጃውን ወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ክንዷን ስይዝ። መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ገባች! ሰዉ አጨበጨበ፤ የቸርች እህቶች «ሃሌ ሉያ» አሉ። እኔ በልቤ ለአስናቀች ደውዬ የምላትን እያዘጋጀሁ ነበር።

እማዬ እጇን አነሳችና ዳሽቦርዱን ዳሰሰች። ከዚያ በሩን ዳሰሰች። ተመልሳ ዳሽቦርዱን።

«ይሄ የማን መኪና ነው?» አለች።

«የኛ ናት እማዬ። የአባዬ ፔጆ።»

«አይደለችም።»

ጋሽ መንገሻ ከኋላ፣ «አላልኳችሁም? ባለቤቷም አላወቀቻትም!» አሉ። ሳቅ ሆነ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። «ሸጣችኋት እንዴ?» አለችኝ። «አስናቀች ናት ሽጣት ያለችህ? ለምን ሳትነግሩኝ?»

«ኧረ ምን ነካሽ እማዬ! መሪው እኮ ያው ነው። የፊቱ መስታወት ስንጥቁ እንዳለ ነው። የአባዬ ቆብ እንኳ ከኋላ እንደተቀመጠ ነው። እይው እንጂ!»

አላየችውም። ዞር እንኳ አላለችም። ወደ እኔ ነበር ፊቷን ያዞረችው፤ ግን እኔን አልፎ አጥሩ ላይ ነው ዓይኗ ያረፈው። እኔ ደግሞ ከምታይበት ትንሽ በስተግራ ነበር የቆምኩት።

«እማዬ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «የለጠፍኩት ስቲከር እንዴት ነው?»

«ያምራል።»

«መልኩስ?»

ፈራች። እናቴ ስትፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። ጣቶቿ ነጠላዋን ጨበጡት። «ሰማያዊ ነዋ» አለች። «ሰማያዊ አላልክም?»

ጋሽ መንገሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽኩር «ያ አላህ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ያን ጊዜ የእማዬ ጣት ዳሽቦርዱ ላይ ሲሄድ ሲሄድ ያቺ አልያዝ ያለችውን ጫፍ አገኛት። ጥፍሯን ሥሯ አስገባች። ስንጥቁን ነካችው። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደችና አሸተተች። ከዚያ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። «እሱ ነው፣ እሱ ነው፣ የሱ እጅ ነው» እያለች ያን ሁሉ የደከምኩበትን ስቲከር በሁለት እጇ ትገሸልጠው ጀመር። እኔም ከጎኗ ገብቼ አብሬያት ገሸለጥኩ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ፣ ኮቴውን ሳያሰማ ወደየቤቱ ገባ።

«መቼ ነው?» አልኳት ሲበርድላት።

«ቆየ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነበር የሚጨልመው። መነጽር ነው አልን። ጸለይን። ከዚያ መሃሉም ሄደ።»

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ክንዴን ለምን የሚይዘኝ ይመስልሃል? ሰው ሰላም ሲለኝ ስሙን በጆሮዬ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ በስሙ እጠራዋለሁ። አሁን ማን ይለኛል? ወጥቼ ማንን በስሙ ልጥራ?»

«ለኛ ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግራችሁ ትወስዱኛላችኋ። እዚህ ግድግዳው የት እንዳለ አውቃለሁ። ጨውና ስኳሩ እንኳ የተሳሳተብኝ አንተ ማሰሮውን አዛውረህብኝ ነው። ያ ፎቅ ላይ ምን አውቃለሁ?»

ሻዩንም አውቃው ኖሯል። ዝም ብላኝ ነበር፤ እኔም ዝም ብያት።

ሰኞ ወደ እምድብር ይዣት ሄድኩ። ከአዲስ አበባ የመጣ የዓይን ሐኪም ለጥቂት ቀን እዚያ እንደሚያክም ሽኩር ሰምቶ ነበር። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። በመብራቱ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ፤ ሐኪም ወንበር ሲያስጠጋ እንደማልወድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«የዓይን ግፊት ነው እናቴ» አላት። «ይሄ በሽታ አያምም፣ ሳይታወቅ ነው የሚወስደው። ቀድመው ቢመጡ ያለውን ማቆየት ይቻል ነበር። የጠፋው ግን አይመለስም። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

እኔ እንባዬ መጣ። እማዬ እጇን ዘርግታ ክንዱን ፈልጋ አገኘችው። «አትዘን ልጄ» አለችው። «ድምፅህ ደክሟል። ምሳ በልተሃል?»

አልበላሁም አለ። ይዛ የመጣችውን ቆጮና አይብ ተካፍሎ እስኪበላ ድረስ አልወጣንም።

ስንመለስ መንገዱ ዳር ዳሩ አበባ በአበባ ነበር፤ መስከረም አይደል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ነው የምነዳው። የተረፈው የበሮቹ ስቲከርም በፀሐዩ ተላቅቆ፣ በመስኮቱ በሚገባው ነፋስ ፊቴን ይመታኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳደብ ነበር።

«አባትህ እየነዳ ያወራልኝ ነበር» አለች እማዬ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። «እ… በቀኝ በኩል የእንሰት ማሳ አለ። ከሱ ቀጥሎ… ሌላ የእንሰት ማሳ።»

«እንሰቱንማ በጠረኑ አውቀዋለሁ» አለች። «ሰዉን ንገረኝ። ማን አለፈ? ማን ከሳ? ማን አዲስ ልብስ ለበሰ?»

ሞከርኩ። አንዲት ሴት ቅጠል ተሸክማ ትሄዳለች አልኳት። «ማን ናት?» አለችኝ። አላውቅም። ሁለት ወንዶች ቆመዋል አልኩ። «እነማን?» አላውቅም። በዚህ መንገድ ተመላልሼ አድጌ አንድ ሰው እንኳ በስሙ እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ።

«ዝውውር እጠይቃለሁ» አልኳት። «ወልቂጤ ካለ ትምህርት ቤት እንዲያመጡኝ።»

«ይሰጡሃል?»

«አላውቅም እማዬ።»

«አስናቀችስ?»

«ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ሁሉንም።»

«ንገራት» አለች። «ቤቴን ግን እንዳትቆልፉብኝ። ወጥቼም ቢሆን፣ ሰው አውቆብኝም ቢሆን፣ እወጣለሁ። ብቻ አትቆልፉብኝ» አለች። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት በሙሉ ልቤ ነው፤ ግን የሚሆን ይሁን አይሁን አላወቅኩም ነበር።

ጉብሬ ስንደርስ ለመስቀል የሚነዱ ሰንጋዎች መንገዱን ዘጉትና ቆምን። ሰንጋው ያገሳል፣ ነጂው ያፏጫል፣ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ያንባርቃል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ወደ መኪናው መጡ።

«አዶት! ደህና ነሽ ወይ? ምነው ጠፋሽ?» አሉ።

በጆሮዋ ልነግራት ፈለግኩ። ስማቸውን አላውቅም።

እማዬ ግን ፊቷ በራ። «በርጋ!» አለች። «የበርጋ ድምፅ አይደል? ልጅህ እንዴት ሆነች፣ ወለደች? እግርህስ ተሻለህ?» ከፋሲካ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እየሳቀች እጇን በመስኮቷ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

ሰውዬው የቆሙት በእኔ በኩል ነበር።

የእማዬ እጅ ባዶ አየር ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ጋሽ በርጋ እጇን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ዱላቸውን ፔጆዋ ላይ አስደግፈው፣ በሰንጋዎቹ መሃል እያነከሱ በመኪናው ፊት ዞረው ሄዱና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መጣሁ አዶት» አሉ፤ «ወለደች፣ ሴት ልጅ ወለደች።»